ውሃውን የተሻገሩት ሴቶች

የቀበሌውን ስም አልጽፍም። ሰዎቹ ዛሬም እዚያው ይኖራሉ፤ እኔም አብሬያቸው እኖራለሁ። ከአሰላ ወደ ደጋው ሲወጣ፣ ገብስና ስንዴ ብቻ የሚታይበት፣ ጠዋት ጭጋጉ እስኪገፈፍ የጎረቤት ቤት የማይለይበት አገር ነው ብላችሁ ያዙልኝ። እዚያ ተወልጄ እዚያ አደግሁ። አባቴ ደምሴ በወጣትነቱ ከመንዝ ለሥራ መጥቶ በዚያው የቀረ አናጢ ነበር። እናቴን እዚያ ቀበረ፤ እኔንም እዚያው ዳረኝ።

የብሔር ግጭት ሰፈራችን የደረሰ ጊዜ እኔና ባለቤቴ ሙሉጌታ ልጆቻችንን አዝለን በእግራችን ወጣን። አባቴ ግን አልሄድም አለ።

«እኔን ማን ምን ያደርገኛል? የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀኛል» አለኝ።

ለመንኩት። እጁን ይዤ ጎተትኩት። «ልጆቹን አድኚ፣ እኔ ቤቱን እጠብቃለሁ» ብሎ በሩ ላይ ቆሞ ሸኘን። በማግስቱ መገደሉን በስልክ ሰማን። ማን እንደቀበረው፣ ጨርሶ መቀበሩን እንኳ የሚነግረን አላገኘንም። የምንደውልላቸው ሰዎች ስልክ ወይ ዝግ ነው፣ ወይ ጠርቶ ጠርቶ ይዘጋል።

ከዚያ በኋላ አሰላ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን ኖርን። ሙሉጌታ ባጃጅ ይነዳል፤ እኔ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና አስቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ኦሮምኛ ከአማርኛ እኩል አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው፤ ግን ደንበኛ በኦሮምኛ ሲያናግረኝ በአማርኛ እመልስለት ነበር። ገበያ ላይ የድሮ ጎረቤት ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ። ከዚያ አገር የመጣ ሰው ሁሉ ለእኔ ያው ነበር። ቁጭ ስል፣ ስነሳ፣ ልጆቼን ሳጎርስ፣ አንድ ነገር ብቻ ይመላለስብኛል፤ አባቴ ሜዳ ላይ ቀርቶ ይሆን?

ጊዜው ሲረጋጋ ከቀበሌያችን ሽማግሌዎች ወደ አሰላ መጥተው ተፈናቃዮቹን ሰበሰቡን። የሚመሯቸው ሐጂ በሪሶ ነበሩ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው፣ የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩ አዛውንት።

«ቤታችሁ ነው፤ ተመለሱ። ያጠፋውን በአገር ሥርዓት እንጠይቃለን» አሉን።

ስብሰባው ሲበተን ተከትያቸው ወጣሁ። «ሐጂ፣ አባቴን ማን ቀበረው?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ። «ልጄ፣ እኔ ያን ሰሞን እዚያ አልነበርኩም። የሚያውቅ ሰው አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ስትመጪ ታገኚዋለሽ።»

ለመሄድ የወሰንኩት በዚህች ቃል ነው። ሙሉጌታ አልወደደውም። «አጥንት ፍለጋ ሄደሽ እነዚህን ልጆች ያለ እናት እንዳታስቀሪያቸው» አለኝ። «ለመኖር አይደለም የምሄደው። አጥንቱን ይዤ እመለሳለሁ፤ እዚህ ቤተ ክርስቲያን አሳርፈዋለሁ» አልኩት። የምሬን ነበር። ነጭ አቡጀዲ ገዝቼ፣ አጥፌ፣ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩ።

የተነሳን ቀን ብርዱ ሰርስሮ የሚገባ ነበር። ፍራሽ፣ ድስት፣ ጄሪካን፣ እግራቸው የታሰሩ ዶሮዎች ሳይቀሩ በአይሱዙ ጭነን እኛም ከላይ ተሳፈርን። የጭላሎ ተራራ አናቱ በደመና ተሸፍኗል። ሐጂ በሪሶ ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ ጋር ተቀመጡ። ከላይ ያለነው መጀመሪያ ላይ እናወራ ነበር፤ አስፋልቱን ትተን ወደ ጥርጊያው መንገድ ስንገባ ግን ወሬው እየቀነሰ መጣ። ወደ ሰፈራችን የሚያስገባው ወንዝ ሲቃረብ የሚሰማው የሞተሩ ድምፅ ብቻ ሆነ።

ድልድዩ ተዘግቶ ነበር።

ግንድ ተጋድሞበታል፤ በግንዱ ላይ ድንጋይ ተከምሯል። ከማዶ ወጣቶች ቆመዋል። ዱላ የያዘ አለ፣ ድንጋይ የያዘ አለ። ከፊታቸው የቆመውን ወዲያው ለየሁት። ከድር ነበር፤ የጎረቤታችን የአዮ ሩቂያ ልጅ። በእኛ አገር እናትን «አዮ» ነው የምንለው፤ እኔም እናቴ ከሞተች በኋላ ሩቂያን «አዮ» እያልኩ ነው ያደግሁት። ከድር በልጅነቱ ከአባቴ ግቢ የማይጠፋ፣ ከመላጊያው በሚወድቀው የእንጨት ፍቅፋቂ ሲጫወት የሚውል ልጅ ነበር። አሁን ፊቱን አጥቁሮ በማዶ ቆሟል።

ሐጂ በሪሶ ከጋቢናው ወርደው ወደ ድልድዩ ሄዱ። «ልጆቼ፣ ይህ ነገር አልቋል። ተስማምተናል። ክፈቱ» አሏቸው።

«ከማን ጋር ነው የተስማማችሁት? እኛን ማን ጠየቀን?» አለ ከድር።

«ሊያሳስሩን ነው የመጡት!» አለ ሌላው ከኋላው። «ዛሬ ይገባሉ፣ ነገ ፖሊስ ይዘው ይመጣሉ!»

«የዘራነውስ መሬት? ሊነጥቁን ነው!» አለ ሦስተኛው።

ሐጂ ለመኑ፣ ተቆጡ፣ መልሰው ለመኑ። ወጣቶቹ ፊታቸውን አዞሩባቸው። በመካከል ከኋላ የተወረወረ ድንጋይ አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት ትከሻ መታት። ጮኸች። ልጆች ማልቀስ ጀመሩ። ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ «እኔ የሰው ሕይወት አላስጠፋም፤ እመለሳለሁ!» አለ። ከእኛ ውስጥ ያሉት ወንዶች ደግሞ ዘለው ወርደው ድንጋይ ማንሳት ጀመሩ። እንዴት እንደሚያልቅ ታየኝ። ሙሉጌታ የተናገረው ነገር ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። የሻንጣዬን እጀታ ጨብጬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ያን ጊዜ ነው ድምፁን የሰማነው።

እልልታ አይደለም። ለቅሶም አይደለም። ረጅም፣ ከፍ ብሎ ሳይሰበር የሚሄድ «ኢያ» የሚል የሴቶች ድምፅ። ከወጣቶቹ ኋላ፣ ከሰፈሩ በኩል ነው የመጣው። ዓይኔን ስገልጥ ኮረብታው ላይ ሴቶች እየወረዱ ነው። እያንዳንዷ በቀኝ እጇ ቀጭን ረጅም ዘንግ፣ በግራ እጇ ሰርዶ ይዛለች። ዘንጉ ሲንቄ ይባላል፤ አርሲ ውስጥ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ነው። አሮጊቶች አሉ፣ ልጅ ያዘሉ አሉ፣ ገና የሠርግ ሽታቸው ያልጠፋ ሙሽሮች አሉ። ብዛታቸውን አላውቅም። የፊተኞቹ ወጣቶቹ ጋ ሲደርሱ የኋለኞቹ ገና ኮረብታው ላይ ነበሩ።

ፊት የምትመራው አዮ ሩቂያ ነበረች። በጣም አርጅታ ነበር። ከተለያየን ወዲህ ነው እንዲህ ያረጀችው።

ወጣቶቹ መሐል ስትደርስ ሳትቆም ሄደች። ዱላ የያዙት እጃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ግራና ቀኝ ተከፈሉ። ከድር ብቻ ከፊቷ ቆመ።

«አዮ፣ ተመለሺ» አላት።

«ልቀቅ።»

«አዮ፣ ይህ የወንድ ጉዳይ ነው።»

እሷ ሲንቄዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ቀና ብላ አየችው። ከድር ትንሽ ቆሞ ወደ ጎን ወጣ። ድልድዩ ግን በእንጨትና በድንጋይ እንደተዘጋ ነው። ሩቂያ ግንዱን አየችው፤ እንዲነሳላት አልጠየቀችም። ከድልድዩ ወርዳ ወደ ወንዙ ሄደች። ከላይ ዘንቦ ስለነበር ውሃው ደፍርሶ ይወርዳል። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ገባች።

ሐጂ በሪሶ «አልሐምዱ…» ብለው ጀመሩና ቃሉ አፋቸው ውስጥ ቀረ። ጥምጥማቸውን አውልቀው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሮጬ ወረድኩ።

«ሐጂ፣ ምን ሆኑ? አመመዎት?»

«ውሃ ውስጥ ገቡ» አሉኝ። «ሴት ሲንቄዋን ይዛ ከቤቷ ከወጣች አገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ወንድ ሊለምናት፣ ሊመልሳት ይገባል። ውሃ ሳትሻገር! ውሃ ከተሻገረች እርግማኑ አገር ላይ ይወርዳል። ልጄ፣ ይህን አባቴ ሲያወራ ነው የሰማሁት። በዕድሜዬ ሙሉ አላየሁም።»

ሴቶቹ ተራ በተራ ወንዙ ውስጥ ገቡ። ውሃው መጀመሪያ እስከ ጉልበታቸው፣ መሐል ላይ እስከ ወገባቸው ደረሰ። ክንድ ለክንድ ተያያዙ። ሲንቄዎቹ ብቻ ከላይ ቀጥ ብለው ይታያሉ። ድምፁ አልተቋረጠም። በሁለቱም ዳርቻ የነበረው ሰው ሁሉ ደርቆ ቀረ። የእኛ ወንዶች ያነሱትን ድንጋይ መቼ እንደጣሉት አላየሁም፤ ስዞር እጃቸው ባዶ ነበር። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ኮፍያውን አውልቋል። ከእኛ መካከል አንዲት ሴት ዝቅ ብላ ተንበርክካ ማተቧን ጨብጣ ነበር።

አዮ ሩቂያ በእኛ በኩል ወጣች። ቀሚሷ ውሃ እያንጠባጠበ ፊቷን ወደ ማዶ አዞረችና በኦሮምኛ ተጣራች።

«እነዚህ ሰዎች ቤት ከሌላቸው እኛም ቤት የለንም! ላሞቹን እናንተው እለቡ! ልጆቹን እናንተው አስተኙ! እሳቱን እናንተው አንድዱ! ከዛሬ ጀምሮ እኛም ተፈናቃዮች ነን!»

ከዚያ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹም ተቀመጡ።

መጀመሪያ ማናችንም አልቀረብናቸውም። እንዴት ብለን? ያን ሁሉ ነገር አሳልፈን፣ ያን ሁሉ ጊዜ ጥላቻ ውጠን ኖረን፣ አሁን በድንገት ምን ይባላል? እነሱ በአንድ በኩል እየተንቀጠቀጡ፣ እኛ በሌላ በኩል ቆመን ተያየን። ቀድማ የተንቀሳቀሰችው ያቺ ድንጋይ የመታት ሴት ናት። ትከሻዋን በአንድ እጇ እንደያዘች ከጭነቱ ላይ ብርድ ልብስ ጎትታ አንዷን አሮጊት አለበሰቻት። ከዚያ ሁሉም ጓዙን መፍታት ጀመረ። ጋቢ፣ ፎጣ፣ የልጅ ሹራብ፣ የተገኘው ሁሉ ወጣ።

እኔ ሻንጣዬን ስከፍት ደረቅና ሰፊ ነገር ያገኘሁት አቡጀዲውን ብቻ ነው። ይዤው ወደ አዮ ሩቂያ ሄድኩ። ጥርሷ ይንገጫገጫል። ትከሻዋ ላይ ጣል ሳደርግላት እጄን ያዘችኝ።

«ወርቂቱ» አለችኝ። ስሜ ወርቅነሽ ነው፤ ወርቂቱ የሚለኝ የዚያ ሰፈር ሰው ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር ሳልሰማው። «ይህ አዲስ ጨርቅ ለምንድን ነው?»

መዋሸት አልቻልኩም። «ለአባቴ ነው፤ አጥንቱን ልጠቀልልበት።»

ጨርቁን ከትከሻዋ ቀስ ብላ አነሳች። አጥፋ አጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«አባትሽ ያለ ልብስ አልተቀበረም» አለችኝ።

«አዮ፣ ያለበትን ታውቂያለሽ? የት ነው? ማን ቀበረው?»

«በጣቴ አላሳይሽም። በእግርሽ ሄደሽ ነው የምታዪው። ለዚህም ነው እዚህ የተቀመጥኩት።»

ከዚህ ሌላ አልነገረችኝም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ የለበስኩትን ጋቢ ለሁለት ለበስነው። የረጠበው ልብሷ የእኔንም አረጠበው።

ከሰዓት በኋላ ከማዶ የላሞች ጩኸት ተጀመረ። የሚታለቡበት ሰዓት ደርሶ የሚያልብ ጠፍቷል። አንዱ ግቢ ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል፤ ኮረብታው ሁሉ በላም ጩኸት ተሞላ። ሴቶቹ ዓይናቸው ወደዚያ ይሄዳል፤ የየራሳቸውን ላም በድምፅ ይለያሉ። አንዷ «የእኔዋ ቦራ ናት» ብላ እንባዋ መጣ። አልተነሳችም። ከድር ከማዶ «አዮ፣ ታምሚያለሽ! ነይ ልብስ ቀይሪ!» ብሎ ጮኸ። ሩቂያ ወደዚያ አልዞረችም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ወጣት አባት አራስ ልጁን ታቅፎ ወንዙ ዳር መጣ። ሕፃኑ እስኪጠቁር ያለቅሳል። እናቱ እኛ ጋ ናት፤ ጡቷ አግቶ ቀሚሷን አርሶታል። ቆመች፣ ተቀመጠች፣ መልሳ ቆመች። ወደ ሩቂያ አየች። ሩቂያም ከንፈሯን ነክሳ ሕፃኑን ታያለች።

ሰውየው ወጣቶቹን ዞሮ አያቸው። ከእነሱ አንዱ ነበር፤ ጠዋት ዱላ ይዞ አይቼዋለሁ። ከዚያ ሕፃኑን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ውሃው ውስጥ ገባ።

«ወዴት ነው?» አለው አንዱ።

«ሚስቴ ያለችበት ነዋ ቤቴ!» አለ ሳይዞር።

እናቱ እስከ ውሃው ድረስ ሮጣ ተቀበለችው። ሕፃኑ ጡቷን ሲይዝ ጩኸቱ ቆመ። ሰውየው መመለሻ አጥቶ ቆመ። የእኛው ሹፌር ዳቦ ቆርሶ ሰጠው። ተቀምጦ በላ።

እንዲያ ሆነን አደርን። ሌሎችም ወንዶች በጨለማው ልጆቻቸውን እያሻገሩ መጡ፤ ብርድ ልብስም እሳትም አመጡ። ሲነጋ በእኛ በኩል ያለው ሰው በዝቶ ማዶ ያለው ሳስቶ ነበር።

ከድልድዩ በኩል የድንጋይ ድምፅ ሰማን። ከድር ነበር። ብቻውን ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያነሳ ወደ ወንዙ ይወረውራል። ማንም አላዘዘውም። ትንሽ ቆይቶ ሌላ መጣና አገዘው። ከዚያ ሌሎቹም መጡ። ግንዱን ገፍተው ሲጥሉት ውሃው ተንቦጫረቀ።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በተከፈተው ድልድይ ተሻገሩ። ሴቶቹ ፊት ተንበረከኩ። ሐጂ በሪሶም ከእኛ መካከል ተነስተው ሄደው ከእነሱ ጋር ተንበረከኩ። «እናቶቻችን፣ አጥፍተናል፤ ተመለሱልን» አሉ።

ሩቂያ ወዲያው አልተነሳችም። «ዝም ብሎ መግባት የለም» አለች። «ጓዛቸውን መንገድ የዘጋው ይሸከማል። የታረሰባቸው መሬት ይመለሳል። ደም ያለበት ሰው ደግሞ ጉማ ይቀመጣል፤ ልጄም ቢሆን።» ጉማ ማለት ደም ሲፈስ ሁለቱ ወገኖች ሽማግሌ ፊት ቀርበው እውነቱ የሚወጣበት፣ ካሣና እርቅ የሚደረግበት ሥርዓት ነው። ሽማግሌዎቹ ሣሩን መሬት ላይ አስቀምጠው ማሉ። በጎች መጡ። ለእርድ ሲዘጋጁ ሐጂ በሪሶ «ቆይ፣ አንዱን እነሱ ይረዱት፤ የእኛን እርድ አይበሉም» አሉ። እንዲህ ሆኖ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም በግ ወንዙ ዳር ጎን ለጎን ታረደ። ከዚያ ነው ሴቶቹ የተነሱት።

በድልድዩ ገባን። ትናንት ዱላ የያዙት ልጆች ፍራሽና ድስት ተሸክመው ከኋላችን ይመጣሉ።

ሩቂያ እጄን ይዛ በእኛ ግቢ በኩል አሳለፈችኝ። ቤታችን ተቃጥሎ ግድግዳው ብቻ ቆሟል። እንድቆም አልተወችኝም። ወደ ራሷ ቤት ወሰደችኝ። የቤቷ መግቢያ በር የለውም፤ የማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍቶ ተንጠልጥሏል። በጓሮ ዞርን። ከጽድ ዛፍ ሥር በእሾህ የታጠረ ትንሽ ቦታ አለ። ውስጡ በድንጋይ የተከበበ አፈር፣ በራስጌው በሲባጎ የታሰሩ ሁለት እንጨቶች። መስቀል ለመሥራት የሞከረ ሰው እጅ ነው።

«እዚህ ነው» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። እሷም አጠገቤ ተቀምጣ ነገረችኝ።

በዚያን ቀን ከሌላ ቦታ የመጡና ከሰፈሩም የተቀላቀሏቸው ሰዎች ናቸው የገደሉት። ሬሳውን ማንም እንዳያነሳ አስፈራርተው ሄዱ። ወንዶቹ ፈሩ። ሩቂያ ጎረቤት ሴቶችን ጠርታ «ሴት ቀባሪ ብትሆን ማን ይናገረናል?» አለቻቸው። አጠቡት። የሟች ባሏን ነጭ ጋቢ አለበሱት። ሣጥን አልነበራቸውም። የቤቷን በር ነቀሉ፤ አባቴ የሠራላት በር ነው። በእሱ ላይ አስተኝተው ተሸክመው አመጡት፤ በሩም አብሮት ገባ።

«ራሱ በየት በኩል እንደሚሆን አላወቅንም» አለችኝ። «የእኛና የእናንተ አንድ አይደለም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያናችሁ ግቢ ሄጄ መቃብሮቹን አየሁ። ራስጌው ወደ ምዕራብ ነው። እንደዚያ አደረግን። ጸሎቱን ግን አላውቀውም፤ እኔ በማውቀው ጸለይኩለት። አጥፍቼ ከሆነ ቄሱ ያስተካክሉት።»

ማልቀስ አቃተኝ። ከዚያ መጣ፤ ከተፈናቀልን ጀምሮ ያላለቀስኩት ሁሉ መጣ። ሲወጣልኝ «ለምን አልደወልሽልኝም?» አልኳት።

«ልጄ እዚያ መሐል ቆሞ ነበር» አለችኝ። «እኔ ቀበርኩት ብልሽ የእሱን ጥፋት ልሸፍን የመጣሁ ይመስልሻል ብዬ ነው።»

ቀና ስል ከድር ከአጥሩ ውጪ ቆሟል። እናቱ እንዲቀርብም እንዲሄድም አላለችውም። እሱው ተናገረ።

«ነበርኩ» አለ። «እጄን አላነሳሁም። ግን ቆሜ አየሁ። ስሜን ጠርቶ ነበር።»

ይህን መስማት እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። አባቴ ስሙን ጠራው። «ዛሬ ምንም ልልህ አልችልም» አልኩት። «እሺ» አለ። ሩቂያም ስለ ልጇ አንዲት ቃል አልለመነችኝም።

አጥንቱን አላወጣሁትም። በዚያው ሳምንት ቄስ መጥተው ፍትሐት ሲደረግለት፣ ያጠቡት ሴቶች ሁሉ ከአጥሩ ውጪ ቆመው ነበር። አሰላ ተመልሼ ለሙሉጌታ የሆነውን ስነግረው መጀመሪያ አላመነኝም። ከልጆቹ ጋር ይዤው መጣሁ፤ በዓይኑ አየ። በሚቀጥለው የገብስ ወቅት ቤታችንን እዚያው ሠራን።

ጉማው ተደርጓል። ከገዳዮቹ አንዱ በሕግ ተይዟል፤ ሌላው የገባበት አይታወቅም። ከድርን ከብዙ ወራት በኋላ በሽማግሌዎቹ ፊት ይቅር ብዬዋለሁ። ቀለለሽ ወይ ብትሉኝ፣ አልቀለለኝም። አንዳንድ ቀን መንገድ ላይ ሳየው አሁንም ፊቴን አዞራለሁ። እሱም ይገባዋል መሰለኝ፣ ሰላምታ ሰጥቶኝ በፍጥነት ያልፋል። በሌላ ቀን ደግሞ ቆመን ስለ ዝናቡ እናወራለን።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከቤታችሁ ተባርራችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ተመለሱ ብዬ ልመክራችሁ አልችልም። የእኔ ዕድል የሁሉም እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔ የምነግራችሁ ያየሁትን ብቻ ነው። አገሩን በሙሉ የማየው በገዳዮቹና ቆመው ባዩት ሰዎች መልክ ነበር። እኔ አሰላ ተቀምጬ ያን አገር ስረግም አንዲት አሮጊት መቃብር እየዞረች የአባቴ ራስ በየት በኩል መሆን እንዳለበት ትፈልግ ነበር። ይህን አላውቅም ነበር። ስንት የማላውቀው ነገር አለ ብዬ ከዚያ ወዲህ ስለ ሰው ስናገር ምላሴን እቆጥባለሁ። ደንበኛ በኦሮምኛ ሲያናግረኝም በኦሮምኛ እመልሳለሁ።

በቅርቡ አዮ ሩቂያን ብቻዋን አግኝቼ ብዙ ጊዜ ሆዴ ውስጥ የቆየውን ጥያቄ ጠየቅኳት።

«አዮ፣ ያን ቀን ውሃው ውስጥ ስትገቢ አልፈራሽም?»

«ኧረ ፈርቻለሁ!» አለችኝ። «ዋና አልችልም። ልጄም ይገፋኝ ይሆናል ብዬ ነበር። ግን አባትሽን ከቀበርኩ ጀምሮ ብቻዬን ቤት ተቀምጬ ስፈራ ነው የኖርኩት። ሰለቸኝ። ከሰው ጋር ሆኜ ልፍራ ብዬ ወጣሁ።»